ቅቤ የጠጣው ጊታር

እናቴ ጊታሬን ቅቤ ቀባችው።

በክፋት አይደለም። ከቤይሩት በሰው እጅ ከላክሁት በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። የደብረ ታቦር ደረቅ ነፋስ እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ሰግታ፣ በየወሩ እያወረደች ከአናቱ እስከ ግርጌው በለጋ ቅቤ ታሸው ነበር፤ ክሮቹን ጭምር። «ጠፍርስ ቢሆን ካልቀቡት ይደርቅ የለ?» ትላለች። ተመልሼ ስመጣ ጊታሬ እንደ ሙሽራ ጠጉር ያብረቀርቃል፤ ሽታው ግን የከረመ የቅቤ ቅል ነው። ክሮቹ ዝገው፣ በዝገቱ ላይ አቧራና ቅቤ ተጋግሮባቸው፣ ብመታቸው የሚሰጡኝ ድምፅ ማንኪያ ሊጥ ውስጥ የወደቀ ያህል ነው።

እናቴን አልተቆጣኋትም። ልጇ የላከችውን ዕቃ በምታውቀው መንገድ ጠበቀችው፤ ምን ይባላል?

ጊታር የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ ሁሉም የሚጠራልኝ ስም አንድ ሆነ፤ ባምላኩ። ከመናኸሪያው በላይ አንድ እንጨት ቤት ውስጥ ቁም ሳጥንና አልጋ ይሠራል፤ ጊታር የለመደው ባሕር ዳር ሲማር ነው። ተሸክሜ ሄድኩ። ጠጉሩ ላይ ሰጋቱራ የተበተነበት ረጅም ልጅ ተቀበለኝና አፍንጫውን ወደ ቀዳዳው አስጠግቶ አሸተተ።

«ልጠግንልሽ ነው ወይስ ወጥ ልሠራበት?» አለኝ።

ፊቴን አጨማደድኩ። እሱም የቀለደው ቀልድ እንዳልያዘለት ሲያይ ጆሮው ቀላ።

«እዚህ ከፈታነው ሰጋቱራው ቅቤው ላይ ይለጠፍና የባሰ ይሆናል» አለ ቶሎ ብሎ። «ከፈቀድሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችሁ መጥቼ ልሥራው። አዲስ ክር አለኝ።»

ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ከበሩ ከራቅሁ በኋላ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።

ያኔ ጥምቀት ካለፈ ሳምንቱ ነው። እኔ እንደገና ለመሄድ፣ አሁን ደግሞ ወደ ኩዌት፣ ሦስት ሳምንት ከቀናት ቀርተውኛል። ፓስፖርቴም ቪዛዬም ተዘጋጅቷል። ለምን ትሄጃለሽ ላለኝ ሁሉ «ሥራ ነው» እላለሁ እንጂ እውነቱ ሌላ ነበር። አገሬ ገብቼ ስምንት ወር ስቀመጥ አንድም የሚያውቀኝ ሰው አላገኘሁም። ለጎረቤቱ ማሬ አይደለሁም፤ «ከዓረብ አገር የመጣችው» ነኝ። ለእናቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሸኘቻት ልጅ ነኝ። ያች ልጅ ግን እዚያው ቀርታለች። የማያውቁኝ ሰዎች መካከል ለመኖር ከሆነ ደግሞ ሰው አገር ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ማንም ያውቀኛል ብዬ አልጠብቅም።

እሑድ መጣ። በረንዳው ላይ ሰሌን አነጠፍን። እናቴ እትዬ ትርንጎ እንዝርቷን ይዛ ከአጠገባችን ተቀመጠች። ለፈትል ነው ብትልም ለዘበኝነት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ባምላኩ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያላላ ክሮቹን ለቀቃቸው። ከታች ክሩን የያዙትን ትንንሽ ጉጦች በጨርቅ በተጠቀለለ ጉጠት ነቀላቸው። አንዱ ሲወጣ የቅቤ ጠብታ አብሮ ወጣ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ለጊታሩ የሰጡትን ቅቤ ለእኔ ሰጥተውኝ ቢሆን እኮ ወፍሬ ነበር» አላት።

«አንተ ልጅ፣ ባላሸው ኖሮ ዛሬ ማገዶ ነበር!»

«እሱስ እውነትዎን ነው። አንድ ስንጥቅ የለበትም።» ይኼን ያለው በቀልድ አልነበረም። እናቴ ወዲያው ተነሥታ ለፈትል ካዘጋጀችው ባዘቶ እፍኝ ሙሉ አምጥታ ሰጠችው። የእናቴን ባዘቶ ያለ ልመና ያገኘ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

በደረቁ ባዘቶ ቅቤውን ጠረግን። ከዚያ ጨርቅ ሳሙና ባለው ውኃ ነክረን፣ አጥብቀን ጨምቀን፣ ርጥበቱ እንጨቱ ውስጥ ሳይገባ ወዲያው በደረቅ እየተከተልን አበስን። አንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች ሥር የተጋገረውን እሱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈቀፈቀ። እኔ ከወገቡ፣ እሱ ከአንገቱ እየጠረግን ስንመጣ ጨርቆቻችን መሐል ላይ ተገናኙ። ሁለታችንም እጃችንን አላነሣንም። የእናቴ እንዝርትም ለጥቂት ጊዜ መሽከርከሩን አቆመ።

«ቤይሩት ከማን ተማርሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከማንም። የምሠራበት ቤት ልጅ ሊጥለው ሲል ለምኜ ወሰድኩት። እሑድ እሑድ ሰገነት ላይ እየተቀመጥኩ፣ ከስልክ እያየሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። እንዲህ ታይቼ ስለማላውቅ ጨርቄን አጠፍኩ፤ መልሼ ዘረጋሁት።

ነገሩ ሁሉ በዚያው ቢያልቅ ምናለ! የወለቁትን ክሮች እየጠቀለለ ሳለ በድንገት ሳቀ። «ይኼን ያሰረው ሰው ግን ጊታር በዓይኑም አላየ! ወፍራሙ ክር በሚገባበት ቀጭኑ፣ ቀጭኑ በሚገባበት ወፍራሙ ገብቷል። ገልብጦት እኮ ነው!»

ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ በግራዬ ስጎርስ ጎረቤት አይቶ «በቀኝ በጎቹ፣ በግራ ፍየሎቹ ናቸው የሚቆሙት» እያለ ሲያስፈራራ፣ እናቴ ገበታ ሲቀርብ ግራ እጄን በፈትል ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። ትምህርት ቤት «ፍየሏ» ነበር ስሜ። እጄ ለመደ፤ በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ። ማንም በማያየኝ በዚያ ሰገነት ላይ ግን ጊታሩን ሳነሣ ግራ እጄ ራሷ ወደ ክሮቹ ሄደች። ክሮቹን ፈትቼ ገልብጬ አሰርኳቸው። ወፍራሙ ክር የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ለቀጭኑ በተቆረጠው ቦይ አልገባ ብሎ፣ ቀጭኑም በሰፊው ቦይ እየዋለለ ይንጣጣ ነበር፤ ግድ አልነበረኝም። በሕይወቴ ግራ እጄ እንደ ልቧ የሆነችው እዚያ ብቻ ነው።

ይኼን ሁሉ መንገር እችል ነበር። ባምላኩ ግን እየሳቀ ነበር፤ እናቴም አንገቷን ደፍታ ትፈትል ነበር። ዝም አልኩ። የሰባት ዓመቷ ፍየል ዝም አለች ማለት ይሻላል።

በሁለተኛው እሑድ አዲሶቹን ክሮች አሰረ፤ እንደ ሰው ሁሉ፣ ለቀኝ እጅ። መቃኛውን ባጠበቀ ቁጥር እናቴ «ኧረ ይበጠሳል! ክር አውቃለሁ እኔ!» እያለች ትሣቀቃለች። ተቃኝቶ ሲያልቅ አንዲት ዜማ ተጫወተልን። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ልቤ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ሄደ፤ ለምን እዋሻለሁ? ከዚያ ጊታሩን በሁለት እጁ ይዞ አቀበለኝ።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

ተቀበልኩት። ግራ እጄ ተነሣች፤ መለስኳት። ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩት።

«ረስቼዋለሁ» አልኩ።

«ትንሽ ብቻ። ስሕተትም ቢሆን ልስማሽ።»

«ረሳሁ አልኩህ እኮ!»

እናቴ ነገሩን ለማብረድ ብላ «ተዋት ልጄ፣ ልቧ መንገድ ላይ ነው። በየካቲት ኩዌት ትሄድ የለ?» አለችው። አልነገርኩትም ነበር።

ባምላኩ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰ። «ለሚሄድ ሰው ነው ለካ ስደክም የሰነበትኩት» አለ። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ በሐዘን ነው ያለው። «መልካም መንገድ፣ ማሬ።»

በሦስተኛው እሑድ አልመጣም። እናቴ ሰሌኑን ዘርግታ ጠብቃ ጠብቃ አጠፈችው። «ምን አልሽው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እውነት ነው፤ ጥፋቴም ምንም አለማለቴ ነበር።

ሐሙስ ገሳይ ከተማ ያለችውን አክስቴን ለመሰናበት ሄድኩ። የተመለስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ሰኞ ማለዳ ተሳፋሪ ነኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ በረንዳው ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ባምላኩ ተንበርክኳል። ጊታሬ ክር የለውም። እናቴ ስድስቱን ክሮች እንደ ድር በጣቶቿ መካከል ለያይታ ይዛለች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ባምላኩ ቀና አለ። ጢሙ አድጓል።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ። «ያለፈው ሐሙስ የጓደኛዬን ጊታር አንሥቼ ስጫወት እጄ እንጨቱን የምትነካበትን ቦታ አየሁ። ከቀዳዳው በታች ነው የምትነካው። ያንቺ ጊታር ግን ጭረቱ ከቀዳዳው በላይ ነው። ቅቤውን ስጠርግ አይቼዋለሁ፤ በመንገድ የተጫረ መስሎኝ አለፍኩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። በቀኙ የሚጫወት ሰው እዚያ ቦታ ሊጭር አይችልም።»

አጎንብሼ ጭረቱን በግራ እጄ ዳሰስኩት።

«ዓርብ መጥቼ እትዬ ትርንጎን ጠየቅኋቸው። ማሬ ግራኝ ናት ወይ አልኳቸው።»

እናቴ ክሮቹን እንደያዘች ዕንባዋ ወረደ። «እኔ ነኝ ያሰርኳት አልኩት» አለች። «ክፉ እንዳይሉሽ ብዬ ነው፣ ልጄ። እጅሽን ሳስር አፍሽንም አብሬ ማሰሬን አላወቅኩም።»

ባምላኩ መዳፉን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር፣ የተወለወለች ነገር አለች፤ ስድስት ቦይ ተቆርጦባታል። የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ናት። የፊተኛዋ ነጭ ነበረች።

«ገልብጠሽ ስታስሪው ይንጣጣ ነበር አይደል? ቦዩ ላንቺ አልተቆረጠማ። ይኼኛው ግን ላንቺ እጅ ነው። ወፍራሙ በወፍራሙ፣ ቀጭኑ በቀጭኑ።»

«ከምን ሠራኸው?»

መልሱን የሰጠችኝ እናቴ ናት። «ካባትሽ ዋንጫ። ተሰንጥቆ ተቀምጦ የለ? ቀንድ ካለዎት ይስጡኝ ሲለኝ ሌላ ምን አለኝ?»

ያን የተሰነጠቀ ዋንጫ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለማንም አስነክታው አታውቅም።

ተቀምጬ አብሬያቸው አሰርኩ። እናቴ ክር ታቀብላለች፤ እሱ ጉጡን ይተክላል፤ እኔ መቃኛውን አጠብቃለሁ። የመጨረሻው ቀጭን ክር ሲወጠር እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ አልተበጠሰም። ጊታሩን አነሣሁ። ግራ እጄን የከለከላት የለም። ስመታው አልተንጣጣም፤ ድምፁ በረንዳውን አልፎ ግቢውን ሞላው። ያችን ሰገነት ላይ ብቻዬን የምጫወታትን ዜማ እስከ መጨረሻዋ ተጫወትኳት። ማንም ሰምቷት አያውቅም ነበር።

ስጨርስ ባምላኩ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«አትሂጂ ልልሽ አልመጣሁም» አለ። «ብትሄጂም ላንቺ ሆኖ ይሂድ ብዬ ነው የሠራሁት። አሁን ግን ስሰማሽ... አትሂጂ፣ ማሬ። እወድሻለሁ።»

እናቴ በድንገት ባዘቶ ፍለጋ ጓዳ ገባች። ባዘቶው አጠገቧ ነበር።

«ጭረቱን እስክታይ ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብህ» አልኩት፤ ዕንባዬና ሳቄ ተደባልቆብኛል።

«ዕድሜዬን በሙሉ እክስሻለሁ።»

ሰኞ ማለዳ አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ።

ሽማግሌ የላከው ጾም ሳይገባ ነው፤ ሠርጋችን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። ጊታሩ ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ባምላኩም አሁንም ስለ ወጥ ይቀልዳል። የሠርጉ ዕለት ተጎራረሱ ሲሉን፣ በደስታ ራሴን ረስቼ ጉርሻውን በግራዬ ጠቀለልኩ። እናቴ ከዳሱ ዳር ሆና አየችኝ።

«አንቺ! በቀኝሽ! እኔ የፈቀድኩት ጊታሩን ነው!» ብላ ጮኸች፤ ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ደንግጬ እጄን ልመልስ ስል ባምላኩ አንጓዬን ያዘና ከግራ እጄ ጎረሰ።