መረብ አይመርጥም

ሦስተኛው ሣጥን የእታለም አልነበረም።

ቅዳሜ ያስገባችው ሁለት ነው። ሰኞ ጠዋት የዓሣ ጥበቃ መርማሪው ዶይል የዓሣ ሱቋን ማቀዝቀዣ ክፍል ሲከፍት ግን ሦስት ሣጥን ተደርድሯል። ሰውየው ሁለቱን ዞር ብሎም አላያቸው። ሦስተኛውን ጎትቶ አወጣና በረዶውን በእጁ ጠረገ።

ነጭ ባስ የሚባለው ዓሣ፣ አርባ አንድ። ሁሉም ጩጬ። ትልቁ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ይህን የሚያህለውን መያዝም መሸጥም በሕግ ክልክል ነው።

ሣጥኑ ላይ የተንጠለጠለው፣ የአጥማጁ ስም የተጻፈበት ቢጫ ታግ ደግሞ የሬይመንድ ነው።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አለ ዶይል።

«አዎ። ዓሣ የምገዛው ከእሱ ነው።»

«ሣጥኑንስ?»

«አላውቀውም።»

«እርስዎ ቤት ውስጥ ነው ያለው።»

«ዓይን አለኝ፣ አያለሁ! አላስገባሁትም ነው የምልዎት።»

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና ቤተሰብ። ቅዳሜ ዕቃ ሲራገፍ ግን የጓሮው በር ክፍት ነበር።»

ዶይል ጻፈ። ስሙን ያልተናገረ ሰው ዶይል ቢሮ ደውሎ «ሦስተኛውን ሣጥን እዩ» ብሎ ነበር። እታለም ታጉን ማንም ሊያገኘው ይችላል አለችው። ሕጉ አስቀምጪ ስለሚላት ከባዶ ሣጥን የተፈቱት ታጎች ሁሉ መሳቢያዋ ውስጥ ናቸው። ዶይል ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና የክፍሉን በር በቴፕ አሸገው።

ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በአሜሪካው የሐበሻ ሰፈር፣ በሊትል ኢትዮጵያ፣ ይህ የእታለም ሳምንት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳያልቅ የእሷ ዓሣ ያልቃል። አሁን ግን ያናደዳት ገበያው አልነበረም።

ያናደዳት ሐሙስ ነው። ሬይመንድ ሰባ ዓመት ያለፈው የባሕሩ ዳር ነባር ሕዝብ ልጅ ነው። አያቶቹ ያጠመዱበትን የባሕር ወሽመጥ ለማስመለስ ሕዝቡ አርባ ዓመት ተሟግቷል። ያገኘውም አምስት ትንንሽ ጀልባ የሚያሠራ ፐርሚት ነው። ትልልቆቹ የንግድ ጀልባዎች ወደዚያ ድርሽ እንዳይሉ ተከልክለዋል። ለመዝናናት የሚያጠምደውም በሰው ሁለት ዓሣ ብቻ ተፈቅዶለታል። ሁለቱም ወገን በሬይመንድ ሰዎች ላይ ጥርሱን ነክሷል። ሐሙስ ፐርሚቱ ይታደስ አይታደስ የሚወስነው ጉባኤ ይቀመጣል። እስከዚያ አንድ ጥፋት ከተገኘ ይሰረዝና ወሽመጡ ለትልልቆቹ ይከፈታል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። የተለከከው ደግሞ በእሷ ቤት፣ በእሷ በረዶ ላይ ነው። እታለም መኪናዋን አስነስታ ክሬንሾው ወዳለው የይልቃል ቤት ነዳች።

ይልቃል አብሯት አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ሰው ነው። ዘወትር ቅዳሜ ከክለቡ ጋር ለመዝናናት ያጠምዳል። የያዘውን ካልገዛሽኝ ብሎ ስንቴ ለምኗታል። የመዝናኛ ዓሣ አይሸጥምና ስንቴም መልሳዋለች። ባለፈው ቅዳሜም ዕቃ ሲራገፍ መጥቶ ጮኾባት ነበር።

በሩን እንደከፈተ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። የሣጥኑን ዓሣ አንድ በአንድ ፎቶ አንስታዋለች።

«አንተ ነህ?»

«በጌታ ስም! እህት እታለም፣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ?»

«ቅዳሜ ‹የሬይመንድ ሰዎች ልካቸውን ያገኟታል› ያለው ማነው?»

«ተናድጄ ነዋ! እኔን ሁለት ዓሣ ይቆጥሩብኛል፣ እነሱ መረብ ይጥላሉ። ፌር አይደለም። ሶ ተናገርኩ።» ፎቶውን በጣቱ አሰፋው። «ከንፈሩን እዪው። መንጠቆ ቢነካው ይቀደድ ነበር። ጉንጩ ሥር ያለው መስመር ደግሞ የመረብ ነው። መረብ የለኝም። ቢኖረኝስ በማጥመጃ ላይሰንሴ እጫወታለሁ?»

እውነቱን ነው። ከንፈሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ይቅርታ ጠየቀችው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም፤ የሚያርፍበት ሰው ብቻ አጣ።

ከሰዓት በኋላ ሬይመንድ መጣ። ባርኔጣውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና ፎቶዎቹን ቀስ ብሎ አያቸው።

«ሌሎቹ የታሉ?» አለ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«መረብ አይመርጥም፣ እታለም። አርባ ባስ የያዘ መረብ ካቤዞንም ይይዛል፣ ጠፍጣፋውን ሬይም ይይዛል፣ ትንንሽ ሻርክም ይይዛል። እኔ ሳመጣልሽ አብረው አይደሉም?»

አብረው ናቸው። ካቤዞን ራሱ ትልቅ፣ ገላው ልሙጥ ዓሣ ነው። እሱንና መሰሎቹን ራሷ ለይታ ለቻይና ሬስቶራንት ትሸጣለች።

«የትልልቆቹ ጀልባ ሰዎች አውጥተዋቸው ይሆናላ።»

«ካቤዞንን? ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ለራሳቸው ያስቀሩታል እንበል። ሻርኩንና ሬዩን ግን ማን ይፈልገዋል? የእኔ ሣጥን እንዲመስል የፈለገ ሰው ቀላቅሎ ይተዋቸው ነበር። እነሱን ለቅሞ ያወጣው የሚጸየፋቸው ሰው ነው።»

እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት የተከለከለ ነው ብሎ የሚጸየፍ አንድ ሰው ታውቃለች። ከሱቋ ሁለት በር አልፎ ሬስቶራንት አለው። ልሙጥ ዓሣ የነካው በረዶ እንኳ ወጥ ቤቱ አይገባም። በእሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጴንጤ ከባሕር የማትበላው መርከብ ብቻ ነው» እያለ ስቋል። ጋሼ አሥራት፣ የሟች ባሏ የንጋቱ ታላቅ ወንድም። የሱቋ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ነው። አምና በገና ግብዣ ላይ ከአንድ የንግድ ጀልባ ድርሻ ገዛሁ ብሎ ብርጭቆ አንሥቷል። ይህን ሁሉ ጠዋትም ታውቀው ነበር። ልታስበው አልፈለገችም።

ወደ ጓሮው መተላለፊያ ወጣች። የሬስቶራንቱ ቆሻሻ የሚነሣው ማክሰኞ ነው። ገንዳውን ስትከፍት ዝንቡ ፊቷ ላይ ተነሣ። ከላይ ካለው ካርቶን ሥር የበረዶ ከረጢት አለ፤ አሥራት ድርሻ የገዛባት ጀልባ ስም ታትሞበታል። ውስጡ ካቤዞን፣ ሬይ፣ ትንንሽ ሻርክ። አልነካችውም። ለዶይል ደወለች፣ ሬይመንድን ገንዳው ዘንድ አቆመች፣ እሷ በፊት በር ዞራ ሬስቶራንቱ ገባች።

አሥራት ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ አሥራት፣ ቁልፌን ይስጡኝ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ቁልፌን!»

«ቀስ በይ፣ ደንበኛ አለ።»

«እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ነው የገቡት?»

«የት ነው የገባሁት? ምን ትቀባጥሪያለሽ?»

«ሬዩንና ሻርኩን ለምን ለቅመው አወጡት? አብሮ ቢገባ ማንም አይጠረጥርም ነበር እኮ።»

«ታዲያ የሰው ምግብ የማመላልስበት የበረዶ ኩለሬ ውስጥ ርኩስ ልጭን ኖሯል?» አለ አሥራት፣ ተቆጥቶ።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ሰው ላይ ወንጀል መለጠፍ አልረከሰበትም፣ በወንድሙ ሚስት ቤት ሾልኮ መግባት አልረከሰበትም፤ ካቤዞን ረከሰበት!

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቴን አስይዤ ነው የገባሁበት። ጀልባዋ ስድስት ወር ሙሉ ገቢ አላስገባችም። አምስት ሚጢጢ ጀልባ ይዘው ወሽመጡን ዘጉብን። እነሱን መንግሥት ይረዳቸዋል፤ እኛን ማን ይረዳናል?»

«አገራቸው ነው።»

«ነበር።»

«ነበር?» እታለም ጮኸች። ዓሣ ጥብስ የሚበሉት ሁሉ ቀና አሉ። «ትናንት የመጣነው እኛ ነን ‹ነበር› የምንላቸው? አንድ ጊዜ የተዘረፉት አንሷቸው አንተ ልትጨምርላቸው ነው?»

አንተ ብላው አታውቅም። አሥራት በጥፊ የተመታ ያህል ወደኋላ አለ።

«እኔ የአሜሪካ መምጫ ወረቀት ባልሞላላችሁ አንቺ እዚህ ትቆሚ ነበር?»

እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት።

ዶይል ከረጢቱን ወሰደ። አሥራት ግን ካደ። ጓሮው ክፍት ነው፣ ማንም ይጥለዋል፣ ቁልፉም ጠፍቶብኝ ነበር አለ። ከእታለም ጋር ሲነጋገሩ በአማርኛ ነበርና አማርኛ የሚሰሙት ደንበኞች ሁሉ በድንገት ደንቆሮ ሆኑ። ዶይል ስልክ ደውሎ «የእርስዎ ቃል ብቻ ነው የቀረው። ካልመሰከሩ ሐሙስ ጥፋቱ በሬይመንድ ስም ይቆጠራል» አላት።

ረቡዕ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቋ መጡ። የሚናገሩት ጋሼ ነጋሽ ናቸው። ንጋቱን የቀበሩት፣ እዝን ይዘው የመጡት፣ ሱቁን ስትከፍት የመረቋት እሳቸው ናቸው። ወንበር ሰጥታ ቆመች።

«ልጄ፣ ገበናችንን አደባባይ አታውጪው። አሥራት አጥፍቷል፣ አምኗል። እግርሽ ላይ ይወድቃል። ሐሙስ አትሂጂ።»

«ለእርስዎ አምኗል?»

«ለእኛማ አምኗል።»

«ሬይመንድን አነጋገራችሁት?»

«ማንን?»

«ዓሣ አጥማጁን። አሥራት ሊያጠፋው የነበረውን ሰውዬ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሱ ከእኛ ምን አለው?» አሉ ጋሼ ነጋሽ።

«እንግዲያው የተበደለውን ሳትጠይቁ ማንን ልታስታርቁ ነው የመጣችሁት፣ ጋሼ? እኔን ከማን? በአገራችን ሽምግልና ተበዳይ ደጅ ነው የሚኬደው። ወይስ ተበዳዩ የእኛ ሰው ካልሆነ አይቆጠርም?»

ጋሼ ነጋሽ ኮፍያቸውን አንሥተው ቆሙ። «ከሄድሽ አሥራት ቤቱን ያጣል። ዘመዱም ሁሉ ፊቱን ያዞርብሻል። እወቂው» አሉ። በክፋት አልነበረም፤ እያዘኑ ነው።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች። ከወጡ በኋላ የታሸገው በር ላይ ተደግፋ አለቀሰች። በዚያው ንዴት ነው ያለቀሰችው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በአንዱ ወገን ትልልቆቹ ጀልባዎች ከነጠበቆቻቸው፣ በሌላው የመዝናኛ አጥማጆቹ ክለብ። መካከል ላይ ሬይመንድና አራት አዛውንት። ከኋላ አሥራት ከነቤተሰቡ። ይልቃልም መጥቷል፤ ከክለቡ ጋር ሳይሆን ለብቻው በሩ አጠገብ ቆሟል።

ስሟ ተጠራ። እጇን አንሥታ ማለች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ ወረቀቱን አየች።

«ሚስተር አሥራትን ያውቋቸዋል?»

«አዎ።»

«ምንዎ ናቸው?»

እታለም ወደኋላ ዞራ አየችው። አሥራት ራሱን በልመና ነቀነቀ።

«የባሌ ወንድም ነው። አሜሪካ ያመጣኝ እሱ ነው» አለች። «ሣጥኑን ያስገባውም እሱ ነው።»