አራተኛው በርሜል

«ጓ!» አለ በርሜሉ።

አልጣሽ ፍሬን ረገጠች። ቮልሷ እርጥቡ ሣር ላይ ትንሽ ተንሸራትታ ቆመች። ዞር ብላ ማየት አላስፈለጋትም፤ የወደቀው አራተኛው በርሜል ነው። ትናንትም አራተኛው፣ ከትናንት ወዲያም አራተኛው። ሌሎቹን ሰባቱን አንድም ሳትነካ ታልፋቸዋለች። እዚህኛው ጋ ስትደርስ ግን ምን እንደሚነካት አይታወቅም።

«አባባ፣ ይኼ በርሜል ጠምዶ ይዞኛል» አለች።

«በርሜል ሰው አይጠምድም» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት አባቷ አቶ አስማማው። «ዓይንሽ ያረፈበት ቦታ መኪናው ይሄዳል ብዬሻለሁ። በርሜሉን ተይውና የምትሄጂበትን ክፍት ቦታ እዪ።»

«እያየሁ ነው እኮ!»

«እያየሽማ ቢሆን አይወድቅም ነበር።»

ጊዜው የ1963 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ደብር ቁልቁል ያለው ሰፊ ሜዳ። የስፖርት አስተማሪው መምህር ይርዳው አዲስ አበባ ሳሉ ያዩትን የመኪና ጨዋታ ለወላጆች ቀን ካላሳየሁ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል። ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ስምንት ባዶ የናፍጣ በርሜል ሜዳው ላይ ይቆማል፤ መኪኖቹ ተራ በተራ፣ አንድ አንድ እየሆኑ በበርሜሎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይመለሳሉ። ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው። በርሜል የነካ ሰው በእያንዳንዱ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይነዳል፤ የሚያዘውም የተሻለው ሰዓት ነው።

አቶ አስማማው የከተማው መካኒክ ናቸው። ቮልሷን ከወደቀችበት አንስተው፣ ሁለት ዓመት ፈተው ገጥመው ያስነሷት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው እወዳደራለሁ ስትላቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን ቃል ሰጡ።

«አንደኛ ከወጣሽ፣ መስከረም ላይ አሥራ ስምንት ሲሞላሽ ራሴ አዲስ አበባ ወስጄ ለመንጃ ፈቃድ አስፈትንሻለሁ። ካልወጣሽ ግን የመኪና ነገር በቤቴ እንዳይነሳ።»

አቶ አስማማው አንዴ ከአፋቸው የወጣውን አያጥፉም። አልጣሽ ደግሞ ከመሪ በቀር የምትመኘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ያሏትን ሁሉ አደረገች። መንገዱን በእግሯ ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት፤ ዓይኗን ጨፍና መጥራት እስክትችል ድረስ በቃሏ ያዘችው። መኪናው ውስጥ የሚንከባለል ነገር እንዳይኖር ክሪኩንና ጀሪካኑን አወረደች። «ፍሬንሽን ከመዞርሽ በፊት ጨርሺ። ስትዞሪ ሥራሽ መሪው ብቻ ነው» የሚለውን የአባቷን ቃል በሕልሟ ሁሉ ሰማችው። አራተኛው በርሜል ግን አሁንም መሬት ላይ ተጋድሟል።

ይባስ ብሎ ታረቀ ሲያልፍ አያት። ታረቀ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፤ የአባቱን ፊያት እንደልቡ የሚነዳ፣ አራዳ ነኝ ባይ።

«አልጣሽ፣ በርሜል የምትለቅሚው ለጠላ መጥመቂያ ነው?»

«ለአንተ ሠርግ ነው!» አለችው፤ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በርሜሉን ልታነሳ ስትወርድ አክስቷ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ቆሎ ይዘውላቸው መጥተው ነው። በሕይወታቸው መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ መግባትም አይፈልጉም።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ፣ «እዚች ጋ ስትደርሺ ለምንድን ነው የምታማትቢው?»

«እኔ? መቼ?»

«አሁን ነዋ! እጅሽን ከዚያ ክብ ነገር አነሳሽና አማተብሽ። ራስሽንም ጎንበስ አደረግሽ።»

አልጣሽ ቀና ብላ አየች። መንገዱ ሽቅብ የሚታጠፈው እዚህ ነው፤ ሲታጠፍ ደግሞ የማርቆስ ደብር ፊት ለፊት ድቅን ይላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደብሩን ባየች ቁጥር ስታማትብና ስትሳለም እጇ ራሱ ለምዶታል፤ እሷን ሳያስፈቅድ ይነሳል። መሪውም በዚያች ቅጽበት በአንድ እጅ ይቀራል።

«አባባ፣ አጠገቤ ሆነው እንዴት አላዩኝም?»

አቶ አስማማው ጺማቸውን አከኩ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ከት ብለው ሳቁ።

«እሱ የት አይቶሽ! እሱም እኮ አንገቱን ደፍቶ እያማተበ ነበር!»

ሦስቱም ተሳሳቁ። ሳቁ ሲያባራ ግን አልጣሽን ጭንቅ ያዛት። «ታዲያ ምን ላድርግ? ደብሩን ሳልሳለም ልለፍ?»

«ምን በወጣሽ! እኔ ሩቅ መንገድ ስሄድ ከደጄ ሆኜ ተሳልሜ ነው የምነሳ» አሉ አክስቷ። «አንቺም አስቀድመሽ ተሳለሚ።»

አልጣሽና አባቷ ተያዩ። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ከመዞርሽ በፊት ጨርሺ።

በወላጆች ቀን ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። አምስት መኪኖች ተሰለፉ። ታረቀ ቀድሞ ገባ። ፊያቱ እንደ ወስፈንጥር ተፈተለከች። አራተኛው በርሜል ጋ ሲደርስ ግን የታረቀ ቀኝ እጅ ብድግ አለ። ጓ! ሃምሳ ሰባት ሰከንድ፣ ከቅጣቱ ጋር ስድሳ ሁለት።

«በርሜሉን ያቆሙት አጣመው ነው!» እያለ ወረደ።

የአልጣሽ ተራ ደረሰ። ከመግባቷ በፊት ወደ ደብሩ ዞረች፤ አማተበች፤ ቀስ ብላ ተሳለመች። አንዳንዱ ሰው «ፈርታ ነው» ብሎ ሳቀ። አልጣሽ አልሰማችውም። አባቷ እንዳሏት የመጀመሪያውን ለመልመድ በእርጋታ ነዳች። አራተኛው ጋ እጇ ሊነሳ ቃጣው፤ «ጨርሻለሁ» አለችው፤ ቁጭ አለላት። ስምንቱም በርሜሎች ቆመው ቀሩ። ስድሳ አንድ!

ከአምስቱ ቀዳሚ ሆነች። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ታረቀ ቀርቦ ቆመ። ፉከራው የለም።

«እንዴት አለፍሽው? እኔ እኮ ለምን እንደምነካው አላውቅም። እውነቴን ነው።»

አልጣሽ ዝም ብትል አንደኛ ናት፤ መስከረም የእሷ ናት። ብትነግረው ሃምሳ ሰባትን እንደሚነዳ በዓይኗ አይታለች። ያ የጠላ መጥመቂያ ነገር ትዝ ሲላት ደግሞ ይበለው አለች። ግን ልቧ አልደሰት አላት። እሱን የጣለው እሷን ሦስት ቀን ሙሉ ያስለቀሳት ያው ነገር ነው።

«ታማትባለህ» አለችው።

«ምን?»

«አራተኛው ጋ ደብሩን ታይና እጅህን ከመሪው ታነሳለህ። ከመነሳትህ በፊት ተሳለም።»

ታረቀ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው።

ከዚያማ እንደፈራችው ሆነ። ታረቀ ተሳልሞ ገባ፤ አንድም በርሜል ሳይነካ ወጣ። መምህር ይርዳው ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው «ሃምሳ ስምንት!» ሲሉ ሜዳው በእልልታ ተናጋ። አልጣሽ ቮልሷ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። አባቷ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ፤ ያደረገችውን ሰምተዋል።

«መንገዱን አሁን ታውቂዋለሽ። ዓይንሽን ሩቅ ጣዪው።»

የማስጀመሪያው ባንዲራ ወረደ። አንደኛውን በርሜል ስታልፍ የምታየው ሁለተኛውን አልነበረም፤ ከሁለተኛው ወዲያ ያለውን ሣር ነበር። ሦስተኛው በጎኗ አለፈ። አራተኛው ጋ ቀድማ ፍሬን ነካ አደረገች፣ ለቀቀች፣ ዞረች። ደብሩ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሁለት እጆቿ ከመሪው አልተነሱም። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችው፤ ቮልሷም እየጮኸች ሽቅብ ወጣች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት! ፍሬን ረግጣ ቆመች።

«ሃምሳ ሰባት!»

ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ ሜዳው ገባ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን አደግድገው መኪናዋን በእጃቸው እየደበደቡ እልል አሉ። አልጣሽ እየሳቀች አለቀሰች፤ አላፈረችም። ታረቀ በሰው መካከል ተጋፍቶ መጣ።

«ባትነግሪኝ ኖሮ እኮ ያለ ሁለተኛው ዙርም ያንቺ ነበር። ለምን ነገርሽኝ?»

«በርሜሉ እንዲያሸንፍህ አልፈለግሁማ» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ላሸንፍህ የፈለግሁት እኔው ነኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መሪውን የያዙት አቶ አስማማው ነበሩ። መንገዱ ወደ ደብሩ ሲታጠፍ ቀኝ እጃቸው ከመሪው ተነሳ።

«አባባ! ከመዞርዎ በፊት!»

አቶ አስማማው ደንግጠው መሪውን ጨበጡ፤ ሳቃቸውን መቆጣጠር እስኪያቅታቸው ድረስ ሳቁ፤ ዳር ይዘውም መኪናዋን አቆሙ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተሳለሙ።

«ለመስከረም ስንት ወር ቀረው?» አሉ አቶ አስማማው።

«ሦስት ወር ከምናምን።»

«ያወረድሽውን ክሪክና ጀሪካን ያኔ ለአዲስ አበባው መንገድ አንቺው ትጭኛለሽ።»

አልጣሽ ዓይኗን ከደብሩ አነሳችና ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ክፍት መንገድ አየች።