ቀዩ ኩራዝ

ዓሊዩ በጨርቅ የተጠቀለለ ክንዱን ለዳምጤ አሳየው። «ወላሂ ዳምጤ፣ ኩራዙን አልደፋሁትም። ቆሞ እየበራ ነው በጎኑ አፍስሶ እሳት የያዘው።»

«ሌላው ሰው የገዛው ሁሉ ይበራል። ያንተ ብቻ ምን ሆኖ ነው?» አለ ዳምጤ፣ ከሚቀጠቅጠው ቆርቆሮ ቀና ሳይል።

ዓሊዩ የመጣው ከበደሳ ከተማ ድረስ ነው። አይዞህ የሚለው እንኳ ሲያጣ ወጥቶ ሄደ። ጥግ ተቀምጣ ኩራዝ የምትቀባው የዳምጤ ልጅ ማሚቱ አንገቷን ደፋች።

ድሮ አባቷ የዘይት ጣሳ ቆርጦ፣ መጋጠሚያውን በእርሳስ በይዶ ነበር የሚሸጠው። ኋላ እርሳስ የሚገኘው በቆርቆሮ ሠሪዎች ማኅበር በኩል ብቻ ሆነ። ማኅበሩ ደግሞ «ዳምጤ አመለኛ ነው» ብሎ አልመዘግበውም አለ። ያሉት እኮ ቤቱ ገብተው የበሉ ሰዎች ናቸው! ከዚያ ወዲህ ቂሙን ከቆርቆሮው ጋር እየቀጠቀጠ፣ መጋጠሚያውን በሙጫ ያጣብቃል። ሙጫው ሲሞቅ ይሰነጠቃል።

ኩራዙ ከማኅበሩ ኩራዝ ጎን ተቀምጦ የሚያነሳው ሲጠፋ፣ «ቀይ ብንቀባውና ማንጠልጠያ ብናወጣለትስ?» ያለችው ማሚቱ ነበረች። ሸማች የሚያምነው ዓይኑን ነው። አሁን የአሰበ ተፈሪ ሰው «ቀዩን ስጠኝ» እያለ ይመጣል። ቀለሙም ሙጫውን ይሸፍናል።

«ጋሼ ዳምጤ፣ እንደምን ዋሉ?» የማሚቱ የክፍል ጓደኛ ዙህራ ነበረች። «እማዬ ቀዩን ግዢ ብላኛለች። ሚኒስትሪ ደረሰ፣ መብራቱ ደግሞ ሁሌ ድርግም ነው።» ወደ ማሚቱ ዞረች። «አንቺ ሸምዳጅ፣ እኔን ጨለማ ውስጥ ትተሽ ልታልፊ ነው?»

«የት አስቀምጠሽ ነው የምታጠኚው?» አለች ማሚቱ።

«ፍራሹ አጠገብ ነዋ። ሕፃኑ ካላቀፍኩት መች ይተኛል።»

«ያማረውን ምረጪላት» አለ ዳምጤ።

«አባዬ፣ የዓሊዩ ክንድ...»

«ዓሊዩ ያውራ። ቀለሙ ያንቺ ሐሳብ አይደለም እንዴ? ደብተርሽ የተገዛው በምን መሰለሽ?»

ማሚቱ ቀለሙ የደረቀ ኩራዝ አነሳች። ቢላዋ ወስዳ መጋጠሚያውን ከላይ እስከ ታች ፋቀችው። ቡናማው ሙጫ ብቅ አለ።

«እርሳስ የለውም። ሲሞቅ በዚህ በኩል ያፈሳል» አለች በዝግታ።

ዙህራ ኩራዙን አየች፣ ዳምጤን አየች፤ ብሯን እንደጨበጠች ወጣች።

ዳምጤ መዶሻውን አስቀመጠ። «ነገ ምን ልንበላ ነው?»

ማሚቱ ሁለተኛውን ኩራዝ ጭኗ ላይ አስተኝታ መፋቅ ጀመረች።