እማማ ደመቀች የገመዷቸው ማተቦች

ቀራፂው ቴዎፍሎስ አንኮበር ባለው መሥሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በአፉ ተደፍቷል። ማለዳ ላይ ማጅራቱን በገዛ መዶሻው ፈልጠውታል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ብጫ መብራት ሌላውን ቀለም ሁሉ ይውጣል፤ ሟች፣ ሰው የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ብሎ የሠራው ነው። ከሥሩ ደሙ ራሱ ጥቁር ጭቃ ይመስላል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሳሌም ከሬሳው ጭብጥ ውስጥ አመድማ የተበጠሰች ክር ፈልቅቃ አወጣች። ደጅ ወጥታ ብታያት አረንጓዴ ማተብ ሆና አገኘቻት።

ደጁ ላይ መስታወት አቅራቢው ዓወል በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከአልዩ አምባ ዕቃ ጭኖ ሲደርስ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ልብሱን ደም ነክቶታል። ከአጥሩ ውጭ ጎረቤቱ «ለኛ ስጡን» እያለ ድንጋይ ጨብጧል።

«ወላሂ፣ ላነሳው ብዬ ነው የነካሁት» አለ ዓወል።

«ይዋሻል» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ዲያቆን ወልደኪዳን። «ማን ሌላ ይገባል? እኔ እንኳ እዚህ ጣዖት ቤት እግሬ ከረገጠ ዓመት አለፈኝ።» ደረቱን ሲደቃ ጋቢው ካንገቱ ሸርተት አለ። ሳሌም አንገቱ ላይ ያለውን ክር አየች።

ጥግ ላይ ወደሚያለቅሱት የሟች እናት ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ ደመቀች፣ የልጆችዎን ማተብ ማን ነው የሚገምደው?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ። ማን ይነካብኛል?» በእንባቸው መሀል ፊታቸው ፈካ አለ። «ለቴዎፍሎስ ቀይ፣ ለወልዴ አረንጓዴ። ከሕፃንነታቸው አንሥቶ ለውጬ አላውቅም።»

ሳሌም ሁሉንም ብጫው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የሟች አንገት ባዶ ነው። ሁለት ሰዎች ተናነቁ፤ ሁለት ማተብ ተበጠሰ። አንደኛው በሟች ጭብጥ ቀረ፤ ሌላው መሬት ወደቀ። ገዳዩ ያለ ማተብ ሰው ፊት መውጣት የማይሆንለት ነበርና ከመሬት አንሥቶ አሰረው። ዓወል ማተብ አያስርም።»

«እና?» አለ ወልደኪዳን።

«እዚህ መብራት ሥር ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ያንተ መስሎህ የሱን አነሣህ። የራሱን አንገት ደግሞ ማን ያያል?»

ክንዱን ይዛ ደጅ አወጣችውና ጋቢውን ገለጠችው። ቀይ ክር።

ወልደኪዳን እናቱን ሳያይ ተናገረ። «ለቅስና ስቀርብ ‹የጣዖት ቀራጭ ወንድም› ብለው መለሱኝ። ተው ስለው ሳቀብኝ። አንገት ላንገት ተያያዝን። ዞር ሲል መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

ሳጅን ገብረ ጻድቅ ካቴናውን ከዓወል ፈትቶ ለዲያቆኑ አጠለቀው። ደመቀች የሳሌምን እጅጌ ጨመደዱ።

«ልጄ፣ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል። ቀዩ የወልዴ ነበር ብልሽስ?»

ሳሌም የአሻራ ቀለሙን ከፈተች።

«የቅድሙን ቃልዎን ጽፌዋለሁ፣ እማማ። አውራ ጣትዎን ይስጡኝ።»