ወፍጮው ዝም ያለ ዕለት

ዶክተር ሰብሐት መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ከወንድሙ ወፍጮ ቤት በላይ ቤተ ሙከራ ባደረጋት ጠባብ ክፍል፣ ወለል ላይ በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ሞቶ ተገኘ። ከምሳ በኋላ ጋደም የማለት ልማድ ነበረው፤ የዚያን ዕለት ግን አልተነሳም። ቁስል የለበትም። ራስጌው ላይ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ ሐሺሽ ሐሺሽ ይሸታል። ሬሳው ሳይነሳ ወሬው አብነት ሰፈር ደርሶ ተመለሰ። «ምሁሩ በሐሺሽ ሞተ» ተባለ።

ለኮማንደር ወርቁ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር።

«የሐሺሹን ዘይት የምታዘጋጀው ረዳቱ ሎዛ ናት። ሰጠችው፣ ጠጣው፣ ሞተ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«በአንድ ብርጭቆ ሐሺሽ የሞተ ሰው አይተው ያውቃሉ ጌታዬ?» አለች ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ።

«አንቺ ደግሞ ማወሳሰብ ትወጃለሽ! እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለሽ። ከዚያ ወዲያ እንዳልሰማሽ።»

ወሰንየለሽ አብነት ተወልዳ ያደገች ናት። ተዪው ሲሏት ይብስባታል። ኮማንደሩ ይህን እያወቀ ተዪው ማለቱ የራሱ ጥፋት ነው።

ሎዛ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያስቀመጡላትን ወረቀት አልነካችውም።

«በስህተት ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ይቀልልሻል ይሉኛል። አልፈርምም! እኔ ብፈርም እሳቸው ሐሺሻም ተብለው ይቀበራሉ።»

«ምን ነበር የምትሠሩት?»

«ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ የአንጎል ሕዋሶችን በብልቃጥ እናሳድጋለን። ከሐሺሽ ተክል የሚወጣውን ዘይት በአልኮል አሟሙተን እንሰጣቸዋለን። ውስጡ ካናቢኖይድ የሚባል ነገር አለ። ጥቂቱ ሕዋሶቹን ከሞት ሲጠብቃቸው አይተናል፤ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ይገድላቸዋል። ግንደ ሕዋሶቹ ላይ ያየነው ግን የባሰ ነው።»

«ግንደ ሕዋስ ማለት?»

«ወደፊት ምን እንደሚሆን ገና ያልለየለት ሕዋስ። እንደ ሕፃን ይቁጠሩት። ይህ ነገር ሲነካቸው ሳይባዙ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ ለመብሰል ይቸኩላሉ። ዶክተር ‹ይህን እርጉዝ ሴት እንዳትቀምሰው› ብለው በአደባባይ ሊናገሩ ነበር።»

«ማን ሊያቀምሳት ነው?»

«አቶ ኪዳነ ማርያም፣ መድኃኒት አስመጪው። ቤተ ሙከራውን ያቋቋመልን እሱ ነው። ‹የፅንስን አእምሮ የሚያጎለብት ዘይት› ብሎ ማስታወቂያ አሠርቷል። ዶክተር አንድ ጠብታ አልሰጥም አሉት።»

ወሰንየለሽ ልትነሳ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ከወንድማቸው ጋር በሩን ስንከፍት ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ብልቃጦች በሙሉ ቢጫ ነበሩ። የሕዋሶቹ ምግብ ጤነኛ ሲሆን ቀይ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ቢጫ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛበት ነው። ደንግጬ የአንዱን ክዳን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ለኮማንደሩ ብነግረው ‹የብልቃጥ ቀለም ምስክር ሆኖ አይቆምም› አለኝ። እባክዎ፣ እንዳይከፍቱት።»

መብራት በፈረቃ በሚታደልበት ዘመን ነበርና ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶበታል። ወሰንየለሽ ጨለማውን ደረጃ በባትሪ ወጣች። የሟቹ ታላቅ ወንድም ካሳ በሩ ላይ ቆሟል። በርበሬ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው፤ ኀዘኑም ቁጣ ቁጣ ይላል።

ክፍሏ ውስጥ ሕዋሶቹ የሚሞቁበት ሳጥን አለ። አጠገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመግበው ሲሊንደር ቆሟል፤ ቧንቧው ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብልቃጦች ሐምራዊ ሆነዋል፤ ክዳኑ የጠበቀው አንዱ ብቻ እንደ እርድ ቢጫ ነው። የሻይ ብርጭቆውን በባትሪ አየችው። ዘይቱ ከሻዩ ላይ ተንሳፍፎ ዙሪያውን ይዟል። ኮሪደሩ ላይ የተጣለ ጆንያ ነበር፤ እጇን ሳታስነካ በጫማዋ ገለበጠችው።

«የሰፈር ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል» አለ ካሳ። «በርበሬ የጠገበ ነው። እሱን ነክቶ ዓይኑን ያሸ ሰው ሲያለቅስ ይውላል።»

«እዚህ ምን ይሠራል ጋሽ ካሳ?»

«ወፍጮው ሲነሳ አቧራው እንዳይገባ በሩ ሥር እንወትፈዋለን። ወንድሜ ከተኛ እኔ ወይም ሎዛ ከውጭ እንወትፍለታለን። ዛሬም ተወትፎ ነበር። በእግሬ ገፍቼው ነው የገባሁት።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል! ቤቴን የሐሺሽ ቤት አስባለብኝ። እና? ወንድሜን የምገድል ይመስልሻል?» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ኪዳነ ማርያም አመሻሹ ላይ ለለቅሶ መጣ። ሱፉ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። ቀኝ ዓይኑ ግን አብጦ ቀልቷል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወዳጄ ነበር» አለ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። በጠረገ ቁጥር እንባው ይብሳል። «ሐሺሹ እንደሚገድለው ነግሬው ነበር።»

«ዛሬ መጥተው ነበር?»

«እኔ? ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደረጃውን አልረገጥኩም።»

«ዘይቱ ከእርስዎ ዘንድ አለ?»

«አንድ ጠብታ የለኝም። በእጄም ነክቼው አላውቅም። ቆልፎበት የሚያስቀምጠው እሱ ነበር።»

«ዓይንዎን በውሃ ይታጠቡት» ብላ ማስታጠቢያ አቀረበችለት። እሱ ሲታጠብ መሐረቡ ወንበሩ ላይ ቀረ። ሲሄድም አልፈለገው።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መብራት መጥቶ ከሥር ወፍጮው ያጓራል። ሎዛ በካቴና መጣች። ካሳ ማዕዘን ያዘ። ኪዳነ ማርያም ጥቁር መነጽር አድርጓል። ኮማንደሩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ወሰንየለሽ። ቢጫውን ብልቃጥ ከፍታ ጥቂት ፈሳሽ ሰፊ ሳህን ላይ አፈሰሰች። «ይህን እያያችሁ ስሙኝ። ከሻዩ ልጀምር። ሎዛ፣ ዘይቱ በውሃ ይሟሟል?»

«በፍጹም። ይንሳፈፋል።»

«ብርጭቆው ውስጥም ተንሳፍፎ ነው ያገኘሁት። ዶክተሩም ሆነ ሎዛ ዘይቱን በአልኮል ሲያሟሙ የኖሩ ናቸው፤ ሻይ ላይ አይደፉትም። የደፋው ዘይቱን የማያውቅ፣ ስሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ከንፈር የነካው ምልክትም የለም። የተደፋው ለእኛ አፍንጫ ነው።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ ኮማንደሩ።

«ሳህኑን ይዩ።»

ሁሉም አጎነበሱ። ቢጫው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑም ወደ ቀይ እየሄደ ነበር።

«ፈሳሹ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ነው። ትናንት ይህ ክፍል በዚያ ጋዝ ተሞልቶ ነበር። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ዶክተሩም ወለል ላይ ተኝቷል። ዕድሜውን በወፍጮ ጩኸት ሲተኛ የኖረ ሰው በሲሊንደር ሽውታ አይነቃም።»

«ቧንቧውን ራሱ ረስቶት ይሆናል» አለ ኪዳነ ማርያም።

«ጆንያውንስ ማን ወተፈው? ጋሽ ካሳ፣ ወፍጮዎን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?»

«መብራት ነዋ!»

«ትናንት መብራት ነበር?»

«አልነበረም» አለ ካሳ። በየቀኑ የሚያየውን ጆንያ በየቀኑ በሚያየው ቦታ ስላገኘው አልጠየቀም ነበር።

«ወፍጮው ዝም ካለ አቧራ የለም» አለች ወሰንየለሽ። «አቧራ ከሌለ የዚህ ቤት ሰው ጆንያ አይወትፍም። የወተፈው ጋዙ እንዳያመልጥ የፈለገ ሰው ነው። ሲመጣ ሁሌም በሩ ሥር ስላየው ሁሌም እዚያ የሚውል መስሎታል። የበርበሬ በረንዳ ሰው ደግሞ ያንን ጆንያ ነክቶ ዓይኑን አያሽም። አቶ ኪዳነ ማርያም፣ መነጽርዎን ያውልቁ።»

«ሳህንና ጆንያ ማስረጃ ነው? እኔ ማን መሆኔን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ቀድሜ ያሰብኩበት። ሌላ ሰው ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ ይሻለዋል፤ የእርስዎ ግን በጠረጉ ቁጥር አስለቀሰዎት።» መሐረቡን ከፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። «በርበሬ አለበት።»

«መርካቶ ነው ያለሁት! በርበሬ የት የለም?»

«የበርበሬውስ ይሁንልዎ። ዘይቱስ? በእጄ ነክቼው አላውቅም ያሉት ዘይትስ መሐረብዎ ላይ ምን አመጣው?»

ሎዛ መሐረቡን ጠጋ ብላ አሸተተች። «የእኛ ነው» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ኪዳነ ማርያም ወደ በሩ ዞረ። ካሳ በሩን በትከሻው ሞልቶት ቆሞ ነበር።

«አልሸጥም አለኝ!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው። «ያን ሁሉ አውጥቼ፣ ለአይጥ ሕዋስ ብሎ አልሸጥም አለኝ!»

ኮማንደሩ ካቴናውን ከሎዛ እጅ ፈትቶ ለኪዳነ ማርያም አጠለቀለት። ሰውዬውን ካስወጡት በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክፍሉ ይታሸጋል። የሐሺሽ ነገር ነው፤ ሰዉም አፉን...»

«አይታሸግም!» አለች ሎዛ። የካቴናው ሰንበር እጇ ላይ አለ። «ሳጥኑ ውስጥ ገና የሚኖሩ ሕዋሶች አሉ። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም። አብልቼ፣ ቆጥሬ፣ እሳቸው ሊናገሩት የነበረውን እኔ እናገራለሁ። ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ እሰሩኝ።»

ኮማንደሩ ወሰንየለሽን አያት። እሷም አየችው። ተዪው አላላትም።

ሎዛ መስኮቱንና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። በዚያች ጋዝ ባፈናት ክፍል በር ዘግቶ መቀመጥ አልሆነላትም። የበርበሬው አቧራ ግን ተግተልትሎ ገባ፤ አሳላት፣ ብልቃጦቹንም በእጇ ከለለች።

ካሳ ጆንያውን አየ፤ አላነሳውም። ደረጃውን ወረደ። ገበያው የሚደራበት ቀን ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ደጅ በርበሬ ያስፈጩ ዘንድ የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ወፍጮው ድንገት ዝም አለ።

«ምነው ጋሽ ካሳ?» አለች አንዷ። «ደግሞ መብራት ጠፋ?»

«አልጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ፣ ከላይ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወንድሜ ሥራ ላይ ነው።»