አራት ሰዓት የተጻፈበት ችካል

«ሟቹን አራት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ሆኜ በመስኮት አየሁት። ጓሮ ተንበርክኮ ችካል ይመታ ነበር» አለች የቤቱ ሻጭ እህት።

«አራት ሰዓት ላይ በሩን ብደበድብ የሚመልስ ጠፋ። በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ሞቷል። ላነሳው ስል በደም ተነከርኩ» አለ ደላላው።

የእህትየው ቃል ከጸና ሰውየው የሞተው ደላላው በገባበት ሰዓት ነውና፣ ደላላው ዕድሜ ልኩን እስር ቤት ይበሰብሳል። እጁ ከወዲሁ በካቴና ታስሯል።

ሟቹ ቤት ሊገዛ የመጣ፣ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ሰው ነበር። የራስ ቅሉ በገዛ መዶሻው ተፈርክሶ ደሙ ሣሩ ላይ ረግቷል። አንድ ጥርሱ ከራሱ ክንድ ያህል ርቆ ወድቋል። መርማሪው ጥርሱን አንስቶ በወረቀት ጠቀለለው። ባልደረቦቹ «አዝጋሚው» ይሉታል፤ ከኤሊ ጋር ቢወጣ ኤሊዋ ቆማ ትጠብቀዋለች እያሉ።

«ችካሉ ለምንድን ነው?» ሲል ደላላውን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ቤት ሲያይ ግድግዳ አያይም። የጥላውን ጫፍ በየሰዓቱ በችካል ያመለክትና ሰዓቱን በእርሳስ ይጽፍበታል። የጠዋት ፀሐይ ያላገኘ ችግኝ ገርጥቶ ይቀራል ባይ ነው። ሻጩ ወንድሟ ግን ‹ጓሮው ከንጋት እስከ ምሽት ፀሐይ ነው› ብለህ አውራ አለኝ።»

«አይደለም?»

«ቤቱ በምሥራቅ በኩል ተገትሮ ጋርዶት! ሦስት ገዢ በዚሁ ሸሽቷል።»

«ዝም በል፣ ነፍሰ ገዳይ!» ወንድምየው ዘሎ የታሰረውን ሰው ጎኑን በጫማው ረገጠው። ደላላው አየር አጥሮት ተጠቀለለ። ፖሊሶች ወንድምየውን ጎትተው አራቁት።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለው መርማሪው።

«ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ፀጉር ቤት። ፀጉር አስተካካዩን ጠይቀው።»

ተጠየቀ፤ እውነት ነበር። እህትየው በዚያ ሙቀት ሻሿን እስከ አገጯ ጠቅልላለች። ስትደነግጥ ሻሹ ሸርተት ሲል መርማሪው አንገቷ ላይ ሁለት የበለዙ የአውራ ጣት ምልክቶች አየ።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ ትናንቱ ጥርት ብሎ ነበር። መርማሪው ሁሉንም ከማለዳ ጀምሮ ጓሮ አቆማቸው። ሁለት ሰዓት ሲሆን የቤቱ ጥላ ጫፍ «2» የተጻፈበትን ችካል ነካ። ሦስት ሰዓት ሲሆን «3» የተጻፈበትን ነካ።

«ሟቹ በፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ አይሳሳትም» አለ መርማሪው።

አራት ሰዓት ሆነ። «4» የተጻፈበት ችካል ግን ከጥላው ጫፍ አንድ ሙሉ እርምጃ ወደ ግድግዳው ገብቶ ጨለማ ውስጥ ቆሟል።

«ፀሐይ እዚህ ችካል ጋ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ስለዚህ ይህን ሟቹ አልመታውም። የመጀመሪያው ከግድግዳው አሥር እርምጃ፣ ሁለተኛው ስድስት፣ ይሄኛው ሁለት። ገዳዩ ሟቹ በአራት ሰዓት በሕይወት የነበረ እንዲመስል አራት እርምጃ እየቀነሰ ገመተ። ጥላ ግን እንደ ወታደር እኩል አይረግጥም፤ ማለዳ ይሮጣል፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ያዘግማል።»

«እንደኔው» ብሎ አከለ። የሳቀ የለም።

«ታዲያ ችግኝ አፍዩ የሞተው ከሦስት በኋላ፣ ከአራት በፊት ነው። ደላላው በአራት ሰዓት እንደሚመጣ እያወቀ፣ በራሱ ላይ የሚመሰክር ችካል አይተክልም። በአራት ሰዓት ሌላ ቦታ መታየት የጠቀመው ፀጉሩን ሊቆረጥ የሄደውን ነው። አራተኛውም ገዢ ‹ጓሮህ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቷል፣ አልገዛም› ሲለው መዶሻውን ነጥቆ መታው።» ወደ እህትየው ዞረ። «አንቺም ያላየሽውን አየሁ እንድትዪ አንገትሽ ታነቀ።»

«አንዲት ቃል ብትወጣሽ!» ወንድምየው ችካሉን ነቅሎ ጫፉን ወደ ጉሮሮዋ ሰነዘረ። ትከሻዋን ቀደደው። ሁለት ፖሊሶች ወደቁበት፤ ፊቱ ሣሩ ላይ ተደፍቶ አፉ አፈር እስኪሞላ ታገለ። «የአንድ እናት ልጆች ነን! ሌባ ደላላ ይሻልሻል?»

እህትየው ደሟን በመዳፏ ይዛ ደላላውን አየችው። ከዚያ ሻሿን ከአንገቷ ፈትታ ጣለችው።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ስትመታኝ ዝም ያልኩት የአንድ እናት ልጆች ስለሆንን ነው» አለች። «የትናንቱን ቃሌን ቅደዱት። ፍርድ ቤት ቆሜ እመሰክርብሃለሁ።»