ቆብ ያልተሰቀለበት ሚስማር

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ከማድረቂያ ክፍሉ ወጥቶ ከጣውላ ክምር አጠገብ ተጋድሟል። ሟቹ የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ ሠራተኞቹ «ዋናው» ይሉታል። ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ፣ ጣውላን ከጣውላ በእንጨት ችንካር ብቻ አያይዞ ለግድግዳ የሚሆን ሰሌዳ ይሠራ ነበር። «ፎቅ በእንጨት ይቆማል» ሲል የሳቁበት ሁሉ ኋላ ደጅ ጠንተውታል። ዛሬ ግን በገዛ ማድረቂያው እንፋሎት ታፍኖ ሞቷል።

አንድ ፖሊስ የማድረቂያ ሠራተኛውን በካቴና አስሮ ቆሟል። ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንፋሎት ሲለቅና ሲዘጋ በመኖሩ «እንፋሎት» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

«ሰው ውስጥ እያለ ለቆበታል» አለ ፖሊሱ። «ምኑ ይመረመራል? እስር ቤት ይግባ እንጂ!»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» አለችው።

ባልደረቦቿ «ምስጥ» ይሏታል። ሌላው አይቶ ያለፈውን ነገር ከውስጥ ካልቦረቦረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቅጽሉን ስድብ ነው የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ትወደዋለች።

ተንበርክካ የሟቹን ፀጉር በነጭ መሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ረጠበ እንጂ አልቆሸሸም። ከዚያ የራሷን ፀጉር ጠረገች፤ የመጋዝ ቤቱን አቋርጣ ስትመጣ የበነነባት ሰጋቱራ መሐረቡን ቢጫ አደረገው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ቀጥላ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ድምፅ የማያሳልፍ ወፍራም ነው፤ ከውጭ የብረት መወርወሪያ አለው፤ መወርወሪያው ላይ ደግሞ ማገጃ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በፀጉር መርፌዋ ቀዳዳውን ስትጭር በቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጥብቅ ብሎ የተጣበቀ ቀጭን የእንጨት ቅርፊት ወጣ።

«ሰሌዳውን የምታያይዙባቸውን ችንካሮች ላያቸው?» አለች፤ አፉ የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት አመጡላት።

መጀመሪያ ሽማግሌውን ጠየቀች። ከከረጢቱ አንድ ችንካር አውጥታ «አባቴ፣ ይቺን ይያዙልኝ» አለችው።

ሽማግሌው በታሰሩ እጆቹ ተቀብሎ ችንካሩን ወዲያው ወደ ከረጢቱ መለሰና አፉን እየታገለ አሰረ።

«ልጄ፣ ይሄ እንደዋዛ አይያዝም። እርጥበት ከነካው ተበላሸ ማለት ነው።»

«ማሽኑን ሲያስነሱ ሰው እንዳለ አላወቁም?»

«ማድረቂያው ውስጥ የሚገባ ሰው ቆቡን እኔ ክፍል፣ ከማብሪያው በላይ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ምሳ በልቼ ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ ሚስማሩ ባዶ ነበር። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ያጥፋው!»

ሁለተኛዋ ተጠያቂ የሟቹ ልጅ ነበረች፤ የፋብሪካው መሐንዲስ። ችንካሩን ከመንካቷ በፊት እጇን በልብሷ ጠረገች፤ በሁለት ጣቷ ይዛ አየችና መልሳ ከተተችው።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ለትምህርት ቤቱ የሚሄደው ሰሌዳ አልደረቀም፣ አይጫንም አለ። እኔ ደርቋል አልኩት። ‹እንግዲያው ከዚሁ ጭነት የቀረውን ገብቼ እለካለሁ› ብሎ ቆቡን ደፍቶ ወጣ።» ወደ ማድረቂያው ዞር አለች። «የመጨረሻ ቃሌ ‹ግትር› የሚል ነበር።»

ፖሊሱ ኢንስፔክተሯን በዓይኑ ጠቀሳት፤ እሷ አላየችውም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ጠበቃት። ችንካሩን ተቀብሎ ጠረጴዛውን ታ ታ ታ አደረገበትና ሻይ የፈሰሰበት ሳህን ላይ ጣለው።

«ቆቡን እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው ያገኘሁት» አለ። «ወንድሜ ዝንጉ ነበር። ሽማግሌውም አርጅቷል። ምን ይደረጋል? የደረሰ ደረሰ።»

«የሰሌዳው ገዢ መጥቶ ነበር?»

«በምሳ ሰዓት መጣ፤ ተረክቦ ፈረመና ጭኖ ሄደ።»

«ያለ ባለቤቱ?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም በማድረቂያው በር ፊት ሰበሰበቻቸው። በእጇ አዲስ ችንካርና የፈላ ውሃ የያዘ ጀበና ነበር።

«ሟቹ ቆቡን ቢሮ ረስቶ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረች፣ «በመጋዝ ቤቱ ሲያልፍ ፀጉሩ ሰጋቱራ ይለብስ ነበር። ፀጉሩ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቆቡን ደፍቶ መጥቷል፤ በሕጉ መሠረት ሚስማሩ ላይ ሰቅሎታል። ሽማግሌው ምሳ ላይ ሳሉ አንድ ሰው አንሥቶ ወስዶታል።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ያው ሰው በሩን ከውጭ አገደው፤ በዚህ።» ችንካሩን በመወርወሪያው ቀዳዳ አስገባች፤ ሰተት ብሎ ገባ። የፈላውን ውሃ አፈሰሰችበትና ጥቂት ደቂቃዎች አስጠበቀቻቸው። «አሁን ያውጡት» አለችው ለወንድምዬው።

ወንድምዬው እጆቹን ኪሱ ከተተ። ፖሊሱ ሞከረ፤ ፊቱ እስኪቀላ ቢስብ ችንካሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይህ እንጨት በጋለ መጭመቂያ ተጨፍልቆ የቀጠነ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመለሳል፤ ሰሌዳውን የሚይዘውም ይኼው ነው። በበሩ ስንጥቅ በሚወጣው እንፋሎት ተነፋ። ያገደው ሰው በመሰርሰሪያ ቦርቡሮ አወጣው፤ ቅርፊቱ ግን ቀርቷል። ሽማግሌውና ልጅቷ ችንካር ሲይዙ አይቻለሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ኋላ ሊያወጣው ካሰበ፣ በዚህ አያግድም። በዚህ የሚያግድ እንጨቱን ሲሸጥ ኖሮ እንጨቱን የማያውቅ ነው። ሻይ ላይ የሚጥለው።»

ልጅቷ ዞረች። «አጎቴ?»

«ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር!» አለ ሰውዬው። «ገዢው ፊት ‹አልደረቀም› እንዳይል። ፈርሞ ሲሄድ ላወጣው ነበር። ስመለስ ማሽኑ ተነሥቷል... አልወጣ አለኝ፣ በፒንሳ ብስበው አልወጣ አለኝ!»

«ከዚያስ?»

«መጋዞቹ እስኪጮሁ ጠበቅሁ። የመሰርሰሪያው ድምፅ እንዳይሰማ።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ እኮ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበርኩ። ማብሪያው እጄ ላይ ነበር። አንዴ ብትጠራኝ ምን ነበረበት?»

 ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ ወንድምዬው እጅ ዞረ።

ልጅቷ የእርጥበት መለኪያዋን ይዛ ማድረቂያው ውስጥ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ርሷል። «ውስጡ አልደረቀም» አለች። «አባቴ ልክ ነበር። መኪናው ከመንገድ ይመለስ፤ ሕፃናት ከሥሩ የሚቆሙበት ነው።»

ሽማግሌው የዋናውን ቆብ ከኢንስፔክተሯ እጅ ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ከማብሪያው በላይ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከማብሪያው ሥር ተቀመጠ። ማሽኑን አስነሣ ያለው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም እንኳ ቆቡ ሚስማሩ ላይ ሳለ አያስነሣም።